ሰባት ከመቶ የምን? ከጎንደር ለስታርታፕ አክስለሬተር ለሚያመለክቱ

የእህቴ ልጅ ባለፈው ሰሞን ከማራኪ ደወለችልኝ። ሰላምታው ሳያልቅ ጥያቄው መጣ። «ጋሼ፣ ሰባት ከመቶ እንወስዳለን ይላሉ። ከትርፉ ነው ወይስ ከድርጅቱ?»

ከጓደኛዋ ጋር ሆነው አንድ አፕ እየሠሩ ነው። የታዘዘ መድኃኒት የትኛው ፋርማሲ እንዳለ የሚጠቁም። ቴሌግራም ላይ የአክስለሬተር ማስታወቂያ አይተው ፎርሙን ከፍተዋል፤ ግማሽ ላይ ሲደርሱ ግን ቆመዋል። እንግሊዝኛው አይደለም ያቆማቸው። የሚጠየቁት ነገር ለምን እንደሚጠየቅ ስላልገባቸው ነው።

ብቻቸውን አይደሉም። የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በ2016 ክረምት ከተጀመረ ወዲህ ሰርተፍኬት የያዘ ልጅ በየሰፈሩ አለ። ቀጣዩ ጥያቄ «ታዲያ በዚህ ምን ልሥራበት?» ነው። አንዱ መልስ ስታርታፕ መጀመር ነው። ያኔ አክስለሬተር የሚባለው ቃል ይመጣል።

ለመሆኑ አክስለሬተር ምን የሚሉት ነገር ነው?

መጀመሪያ ስታርታፕ የሚለውን እንፍታው። ገና ጀማሪ ሆኖ በጣም በፍጥነት እንዲያድግ የታሰበ ድርጅት ነው። ቅዳሜ ገበያ የሚከፈት የልብስ ሱቅም አዲስ ንግድ ነው። ግን ደንበኛው እጥፍ ሲሆን ሁለተኛ ሱቅ፣ ሁለተኛ ሻጭ፣ ሌላ ኪራይ ይፈልጋል። አፕ ግን ለ100 ሰውም ለ100,000 ሰውም ኮዱ ያው ነው። ወጪው ከደንበኛው እኩል አይሮጥም። ባለሀብቶች ለእንዲህ ያለ ሥራ ገና በልጅነቱ ገንዘብ የሚሰጡት ለዚህ ነው።

አክስለሬተር ደግሞ እነዚህን ጀማሪዎች በዙር በዙር ተቀብሎ፣ ለተወሰነ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ለሦስት ወር ያህል፣ የሚያጣድፍ ፕሮግራም ነው። ገንዘብ ይሰጣል። ምክር ይሰጣል። ከሚያውቁ ሰዎች ጋር ያገናኛል። መጨረሻ ላይ በባለሀብቶች ፊት ያቆማችኋል። ያ ቀን «ዴሞ ዴይ» ይባላል።

ከኢንኩቤተር ጋር ብዙ ጊዜ ይምታታል። ኢንኩቤተር እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ ነው። ሐሳቡ ገና ነው፤ ሙቀት ይፈልጋል፤ ይፈልፈል አይፈልፈል አይታወቅም። አክስለሬተር የሚወስደው ጫጩቱን ነው። ደካማ ይሁን፣ ትንሽ ይሁን፣ ግን መሬት ላይ የሚራመድ ነገር። እንቁላል ይዞ አክስለሬተር በር ላይ መቆም ብዙ ጊዜ አያዋጣም።

በዙር የመቀበሉ አሠራር የታወቀው በዋይ ኮምቢኔተር ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ፖል ግራሃም፣ ጄሲካ ሊቪንግስተንና ሁለት ባልደረቦቻቸው አሜሪካ ውስጥ ማሳቹሴትስ ጀመሩት። በዓመቱ ቴክስታርስ ተከተለ። እኛ አገር እ.ኤ.አ. በ2011 አዲስ አበባ የተከፈተው አይስአዲስ ከቀደምቶቹ ነው፤ እሱ እንኳ ወደ ኢንኩቤተሩ ያደላል።

ገንዘቡ ብድር ነው ወይስ ስጦታ?

ወደ እህቴ ልጅ ጥያቄ እንመለስ። መልሱ «ከድርጅቱ» ነው።

የእኩል እርሻን ያየ ሰው ይሄ አይከብደውም። መሬት ኖሮት በሬ ወይም ጉልበት ያነሰው ገበሬ መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል። ምርቱን ይካፈላሉ። ዝናብ ቢጠፋ አራሹ «ዘሬን መልስ» ብሎ ፍርድ ቤት አይሄድም፤ ጉዳቱ የሁለቱም ነው። የአክስለሬተርም ገንዘብ እንዲሁ ነው። ድርጅቱ ቢከስር አትመልሱም። ቤት አያሸጥም፣ ዋስ አያስጠራም።

ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። የእኩል አራሽ የሚካፈለው የዘንድሮን እህል ነው። ባለድርሻ ግን የሚካፈለው መሬቱን ነው። ሰባት ከመቶ የሰጣችሁት ሰው ከማሳው ከመቶ ሰባቱ እጅ የሱ ነው። ድርጅቱ ነገ በ10 ሚሊዮን ብር ቢሸጥና ድርሻው ባይነካ 700,000ው የሱ ነው። ካልተሸጠም ባለቤት ሆኖ ይቀጥላል። ይሄን ነው በእንግሊዝኛ «ኢኩዊቲ» የሚሉት።

የዋይ ኮምቢኔተርን ውል እንየው፤ ብዙዎች የሚያወሩት እሱን ስለሆነ። በጠቅላላው 500,000 ዶላር ነው። ግን አንድ ላይ የተጠቀለለ አይደለም። 125,000ው ለ7 ከመቶ ድርሻ ነው። ስታሰሉት ድርጅታችሁን በ1.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገምተውታል ማለት ነው። ቀሪው 375,000 ዋጋው ዛሬ አይቆረጥም። «ሴፍ» በሚባል ውል ይሰጣል።

ሴፍ ማለት ጤፉ ሳይታጨድ ቀብድ እንደመስጠት ነው። ነጋዴው ገንዘቡን ዛሬ ይሰጣል፤ ስንት ኩንታል እንደሚደርሰው ግን በአጨዳ፣ ዋጋው ሲቆረጥ ይታወቃል። አጨዳው እዚህ ላይ ሌላ ባለሀብት ገብቶ ለድርጅቱ ዋጋ የሚያወጣበት ቀን ነው። ስለዚህ ከሰባቱ በላይ ሌላ ድርሻ ወደፊት ይሄዳል። የእህቴ ልጅ እዚህ ስትደርስ «ታዲያ ሰባት ብቻ አይደለማ!» አለች። አዎ፣ አይደለም።

ሁሉም ፕሮግራም ግን እንዲህ አይደለም። ምንም ድርሻ የማይወስዱ፣ የማይመለስ ድጋፍ የሚሰጡም አሉ፤ ብዙዎቹ በመንግሥት ወይም በልማት ድርጅት ገንዘብ የሚንቀሳቀሱ ናቸው። መጠኑ ያንሳል፣ ሪፖርቱ ይበዛል። ለጀማሪ ግን፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ከነሱ መጀመር ነውር የለውም።

መጠንቀቅ ያለባችሁ ሁለት ዓይነት ሰዎችን ነው። አንዱ «ተመርጣችኋል፣ መመዝገቢያ ክፈሉ» የሚል። ሌላው አንድ ሳምንት አሠልጥኖ፣ ገንዘብ ሳያወጣ፣ የድርጅቱን ሩብ የሚጠይቅ። ሁለቱንም አመስግኖ መሸኘት ነው።

ፎርሙን የሚያነቡት ሰዎች የሚፈልጉት ምንድን ነው?

ዋናው ነገር እዚህ ነው።

ኤርቢኤንቢ ቤቱን ለእንግዳ የሚያከራይን ሰው ከእንግዳው ጋር በኢንተርኔት የሚያገናኝ ድርጅት ነው። ታሪኩን ጎንደሬ ከማንም በላይ ይረዳዋል ብዬ አስባለሁ። ጥር 11 ሲቃረብ ከተማችን ምን እንደምትመስል ታውቃላችሁ። ሆቴሉ ይሞላል፤ ዘመድ ያለው ዘመዱ ዘንድ፣ የሌለው ፍራሽ በተነጠፈበት ያድራል። እ.ኤ.አ. በ2007 ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ የሆነው ይሄው ነው። የዲዛይን ባለሙያዎች ጉባኤ ነበር፤ ሆቴሎች ሞሉ። የቤት ኪራይ የከበዳቸው ሁለት ጓደኛሞች ሳሎናቸው ውስጥ በአየር የሚነፋ ፍራሽ ዘርግተው ለሦስት እንግዶች አከራዩ። ድርጅቱ ከዚያ ተወለደ።

በዓመቱ ገንዘብ አለቀባቸው። የአሜሪካ ምርጫ ሰሞን ነበርና በዕጩዎቹ ስም የቁርስ ሲሪያል በካርቶን አሽገው አንዱን በ40 ዶላር ሸጡ። ለዋይ ኮምቢኔተር ሲያመለክቱ ፖል ግራሃም ሐሳቡን አልወደደውም። ሰው የማያውቀውን ሰው ቤቱ ያሳድራል ብሎ አላመነም። ያቺን የሲሪያል ካርቶን ሲያይ ግን ልቡ ተመለሰ። በ40 ዶላር ሲሪያል መሸጥ የቻለ ሰው በቀላሉ አይሞትም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ ገቡ። ያኔ የተሰጣቸው 20,000 ዶላር ነበር፣ ለ6 ከመቶ።

አንባቢው ሐሳብ እየፈተነ ብቻ አይደለም ማለቴ ነው። ምን አድርጋችኋል፣ ከማን ጋር ተነጋግራችኋል፣ ሲጠብባችሁ በየት ወጣችሁ ነው የሚያየው።

እኛ ደግሞ የለመድነው ፕሮፖዛል ነው። ዩኒቨርሲቲ መንደርደሪያ፣ የችግሩ መግለጫ፣ ዓላማ፣ ዝርዝር ዓላማ እያልን ተምረናል። ለመመረቂያ ጽሑፍ ጥሩ ነው። ለዚህ ፎርም ግን ገዳይ ነው። «ምን ትሠራላችሁ?» ለሚለው ጥያቄ የእህቴ ልጅ መጀመሪያ የጻፈችው ይሄን ነበር፦

«በጤናው ዘርፍ ያለውን የመረጃ ክፍተት ዘመናዊ ቴክኖሎጂን በመጠቀም በመቅረፍ ለማኅበረሰቡ ተደራሽ የሆነ ሁሉን አቀፍ አገልግሎት መስጠት።»

ስልክ ላይ አነበበችልኝ። «ምን ማለት ነው?» አልኳት። ሳቀች። ከዚያ በራሷ አፍ ነገረችኝ። «አስታማሚ ወረቀት ይዞ ፋርማሲ ለፋርማሲ ይዞራል። እኛ የትኛው ጋ እንዳለ እንነግረዋለን።» «በቃ ይሄን ጻፊው» አልኳት። ይሄ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛም ያው ነው። አጭር እንግሊዝኛ ከረጅሙ እንግሊዝኛ ይሻላል፤ ስህተትም ይቀንሳል።

ቀጣዩ ጥያቄ ነበር ከባዱ። «ሰው ይሄን እንደሚፈልግ በምን አወቃችሁ?» «ግልጽ ነው እኮ» የሚል ነበር መልሷ። ግልጽ አይደለም። ሰው መቸገሩና ለመፍትሔው ስልኩን አውጥቶ መክፈሉ ለየብቻ ናቸው። አንድ ሆስፒታል በር ላይ ቆመው አስታማሚዎችን እንዲያናግሩ መከርኳቸው። ስንት ፋርማሲ ዞርክ? ስንት ሰዓት ፈጀብህ? ለማን ደወልክ? አሁን መድኃኒቱን ባገኝልህ ስንት ትከፍላለህ? ኮድ አያስፈልገውም። ደብተርና ሁለት ጠዋት ይበቃል። አፑ ሳይሠራም አገልግሎቱን በእጅ መጀመር ይቻላል። አንድ የቴሌግራም ቁጥር ስጡ፤ ሰው የማዘዣውን ፎቶ ይላክ፤ እናንተ ለፋርማሲዎቹ ደውሉ። ሃያ ሰው ካገለገላችሁ ፎርሙ ላይ የምትጽፉት ነገር አላችሁ።

ሁለት ነገር ደግሞ በእኛ ልጆች ማመልከቻ ላይ ደጋግሜ አይቻለሁ። «ተፎካካሪ የለንም» እና «ገበያችን ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነው»። ተፎካካሪ የሌለው ሥራ የለም። የዚህ አፕ ተፎካካሪ የአስታማሚው እግር ነው። ፋርማሲ የሚሠራ ዘመዱ ነው። እነሱን መጥቀስ ሥራውን ማወቃችሁን ያሳያል። ገበያውንም ከላይ ወደ ታች አትቁጠሩት። ከታች ጀምሩ። በከተማችን ስንት ፋርማሲ አለ፣ በወር ስንት ብር ሊከፍል ይችላል፣ ከዚያ ባሕር ዳር፣ ከዚያ ደሴ። ቁጥሩ ትንሽ ይሆናል። ግን የቆጠራችሁት ነው።

ብቻዬን ባመለክትስ?

ይቻላል፤ ከባድ ነው እንጂ። ብዙ ፕሮግራሞች ሁለት ወይም ሦስት መሥራቾች ያሉበትን ቡድን ይመርጣሉ። አንዱ ሲታክተው ሌላው ይይዘዋል ከሚል ነው። ግን ለፎርም ብላችሁ ሰው አትለጥፉ። ኢንተርቪው ላይ ይታወቃል።

ጓደኛሞች ሆናችሁ ከሆነ ድርሻችሁን ዛሬውኑ በወረቀት ተካፈሉ። እናውቃለን፣ እንተማመናለን ማለት ያለ ነው። ግን አንዱ በስድስት ወሩ ሥራ አግኝቶ አዲስ አበባ ቢሄድ ግማሹን ድርጅት ይዞ ነው የሚሄደው? ለዚህ የተለመደ መላ አለ። «ቬስቲንግ» ይሉታል። ድርሻው በአንድ ቀን አይሰጥም፤ በአራት ዓመት ውስጥ ቀስ እያለ ይገኛል። የመጀመሪያውን ዓመት ሳይጨርስ የወጣ ምንም አይወስድም።

ድርጅቱ መመዝገብ አለበት?

ለማመልከት አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ገንዘቡን ለመቀበል ግን ያስፈልጋል። በ2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ስለፈቀደ ነገሩ ከድሮው ቀሏል።

የውጭ ገንዘብ ሲመጣ ግን ሌላ ጉዳይ አለ። በ2012ቱ የኢንቨስትመንት አዋጅ መሠረት የውጭ ባለሀብት ብቻውን ሲገባ ቢያንስ 200,000 ዶላር፣ ከአገር ውስጥ ሰው ጋር ሲጣመር ደግሞ 150,000 ዶላር ማምጣት አለበት። አክስለሬተር ግን 20,000 ወይም 50,000 ዶላር ሊሰጥ ይችላል። ከአዋጁ ወለል በታች ነው። በዚህና የውጮቹ ባለሀብቶች የለመዱትን ሕግ ስለሚመርጡ ብዙ አፍሪካዊ ስታርታፖች እናት ድርጅቱን ውጭ፣ ለምሳሌ አሜሪካ ደላዌር ግዛት፣ ያስመዘግባሉ። አገር ቤት ያለው ቅርንጫፍ ይሆናል። ዋይ ኮምቢኔተርም ገንዘቡን የሚያስገባው በጥቂት በመረጣቸው አገሮች በተመዘገበ ድርጅት ነው። ይሄ ሁሉ ከመፈረም በፊት ጠበቃ የሚከፈልበት ቦታ ነው። ሕጉም ይሻሻላል፤ የዓምናውን ምክር ለዘንድሮ አትውሰዱ።

ሰዓቱን እንዴት ነው የማነበው?

አትሳቁ። ብዙ ማመልከቻ የሚቀረው በዚህ ነው። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት ለአንድ የሥልጠና ፕሮግራም ሳመለክት ማብቂያው «5:00 ፒኤም» ይላል። ማታ አምስት ሰዓት ነው ብዬ ተረጋግቼ እራቴን በላሁ። በነሱ አምስት ሰዓት ማለት በእኛ ከቀኑ አሥራ አንድ ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ስከፍተው ተዘግቷል።

የሰዓት ቀጠናው ደግሞ አለ። «8:00 ፒኤም» በካሊፎርኒያ ሰዓት ከተባለ፣ በነሱ በጋ በእኛ በማግስቱ ንጋት 12 ሰዓት ነው። በክረምታቸው ሰዓት ስለሚቀይሩ ጠዋት 1 ሰዓት ይሆናል። ቀኑ በማግስቱ መሆኑ ትርፍ ሌሊት የሚሰጣችሁ ይመስላል። አትመኑት። መብራት ሊጠፋ ይችላል፣ ኔትወርክ ሊጠፋ ይችላል። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት መቋረጡን የረሳ ያለ አይመስለኝም። መልሶቻችሁን ስልክ ላይ ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ ፎርሙ ውስጥ በቀጥታ አትጻፉ። ከሦስት ቀን በፊት ላኩት።

የዘመን አቆጣጠሩንም እዩት። ሥራ የጀመራችሁበትን ዓመት 2017 ብላችሁ ከሞላችሁ አንባቢው እንደ ፈረንጅ ይቆጥረዋል። ያኔ የሁለት ዓመት ልጅ የሆነ ድርጅት አሥር ዓመት ሊሞላው ይደርሳል፤ በአሥር ዓመት ደግሞ ሃያ ደንበኛ! «ላስት ኔም» የሚለው ጋ የአባት ይሁን የአያት የሚለው ጭቅጭቅ መፍትሔው ቀላል ነው። ፓስፖርታችሁ ላይ እንዳለው፣ ፊደሉም ሳይቀየር።

ቪዲዮና ኢንተርቪውስ?

ቪዲዮው ብዙ ጊዜ የአንድ ደቂቃ ነው። ፋሲል ግንብ ሄዳችሁ በሙዚቃ አታጅቡት። ሁለታችሁም ቁጭ ብላችሁ፣ ፊታችሁ ብርሃን አግኝቶ፣ ማን እንደሆናችሁና ምን እንደምትሠሩ ተናገሩ። ወረቀት እያነበባችሁ ከሆነ ዓይናችሁ ያሳብቃል።

ኢንተርቪው የደረሰ ጥቂት ነው። የዋይ ኮምቢኔተር አሥር ደቂቃ ብቻ ነው። ጥያቄው ይጣደፋል፤ ያቋርጧችኋል። እንደ ንቀት አትውሰዱት። በእኛ ባህል ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም ይባላል፤ መልስም በዙሪያ ይጀመራል። እዚያ ግን መልሱ ቀድሞ ይመጣል፤ ምክንያቱ ከተጠየቀ ብቻ ይከተላል። «ስንት ተጠቃሚ አላችሁ?» ሲባል «ሃያ ሁለት» ነው መልሱ። ካላወቃችሁ «አላውቅም» በሉ። ለልምምድ ቴክኖሎጂ የማይጠቀም ሰው ፈልጉ። የሰፈር ባለሱቅ ከገባው ለማንም ይገባል።

ባንገባስ?

አብዛኛው አይገባም። ታዋቂዎቹ ከመቶ አመልካች አንድ ሁለት ነው የሚወስዱት። ምክንያትም ብዙ ጊዜ አይነግሩም። ግን በሚቀጥለው ዙር ተመልሶ ማመልከት ይቻላል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው የገቡም አሉ። ያኔ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ካለፈው ወዲህ ምን ተለወጠ?» የሚል ነው። ስለዚህ የላካችሁትን መልስ ከነቀኑ አስቀምጡት።

የእህቴ ልጅ ፎርሙን ገና አልላከችም። ትናንት ማታ በቴሌግራም የደብተር ገጽ ፎቶ ላከችልኝ። ጽሑፏ አይነበብም፤ ቸኩላ ነው የጻፈችው። ከላይ የአሥራ አራት ሰው ዝርዝር አለ፣ ከየአንዳንዱ ጎን የዞረው ፋርማሲ ብዛት። ከታች በቀይ እስክሪብቶ አንድ መስመር ጽፋለች፦ «ጋሼ፣ አስታማሚው አይከፍልም። ፋርማሲው ነው የሚከፍለው።»